የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሚንግ የራሱ የውይይት ቡድን ያስፈልገዋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳር የሚሠሩ የሶፍትዌር ባለሙያዎችና የኮምፒውተር ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ቀርበዋል።

የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሚንግ ሲባል ምን ዓይነት ሥራ ነው?

በግዕዝ ፊደል የተጻፈን ጽሑፍ ኮምፒውተር እንዲቀበል፣ እንዲያስቀምጥ፣ እንዲፈልግ፣ በቅደም ተከተል እንዲደረድር፣ ከምስል ላይ እንዲያነብ ወይም ወደ ድምፅ እንዲለውጥ የማድረግ ሥራ ነው። የኪቦርድና የፎንት ዝግጅት፣ የኢትዮጵያን የቀንና የሰዓት አቆጣጠር በትክክል የሚያሰላ ኮድ፣ እንዲሁም ከዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በአንድ ወጥ ቁጥር ከሚመዘግበው ደረጃ) በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ አሮጌ ፋይሎችን ዛሬ ሊነበቡ ወደሚችሉበት ቅርጽ መለወጥ በዚሁ ሥር ይጠቃለላሉ።

ብዙዎች ይህን ራሱን የቻለ ሙያ አድርገው አይቆጥሩትም፤ በአማርኛ የሚሠራ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ የሠራ ሁሉ ሥራውን የሚያውቀው ይመስለዋል። ነገር ግን ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ተጨማሪ ሆሄያት ገብተዋል። ከ1999 በፊት የፎንት አዘጋጆች ሁሉ በየራሳቸው መንገድ ይሠሩ ነበር፤ በአንድ ፎንት ውስጥ የነበረው ቦታ 256 ብቻ በመሆኑና የፊደላችን ምልክቶች ከ300 በላይ በመሆናቸው፣ ሆሄያቱን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፍለው ለማስቀመጥ ተገድደዋል። የዚያ ዘመን ፋይሎች ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አሉ፤ ሲከፈቱ ትርጉም አልባ የላቲን ሆሄያት ሆነው ይታያሉ።

አጠቃላይ የፕሮግራመሮች ቡድን እያለ ሌላ ለምን ያስፈልጋል?

አጠቃላይ ቡድን ጠቃሚ ነው፤ በዚያ የሚሰጠው መልስ ግን አብዛኛውን ሰው ከሚገጥመው ችግር የመነጨ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ለአንድ የጤና ተቋም ካርድ ክፍል ሶፍትዌር የምትሠራ ባለሙያ፣ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ታካሚ «ሀይሉ» ወይም «ሃይሉ» ተብሎ ሲፈለግ እንደማይገኝ አስተውላ ጥያቄዋን በአጠቃላይ ቡድን ብታቀርብ፣ አስቀድሞ የምታገኘው ምክር ጽሑፉን በዩኒኮድ የወጥነት ደንብ፣ ማለትም በተለያየ መንገድ የተቀመጠን አንድ ሆሄ ወደ አንድ መልክ በሚያመጣው ደንብ፣ አሳልፊው የሚል ነው። ምክሩ ለፈረንሳይኛ ወይም ለቬትናምኛ ይሠራል። ለእኛ ግን የሚለውጠው ነገር የለም፤ ዩኒኮድ ሀ፣ ሐ እና ኀን ሦስት የተለያዩ ሆሄያት አድርጎ ስለሚያውቃቸው በየትኛውም የወጥነት ደንቡ አንዱን ወደ ሌላው አይመልስም። ይህን የሚያደርገውን ሠንጠረዥ ባለሙያዋ ራሷ መጻፍ አለባት፤ ስትጽፍም ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ከነዝርዝራቸው ማስገባት፣ የሀ ግዕዝና ራብዕ በአማርኛ አንድ ድምፅ መሆናቸውንም ማሰብ ይኖርባታል።

ከዚያ የሚከተለው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ሆሄያቱ የተዋሐዱበት ጽሑፍ የሰውየውን ስም መተካት የለበትም፤ ሰውየው ስሙን የጻፈው እንደፈለገው ነውና በዚያው ሊቆይ፣ የተዋሐደው ቅጂ ደግሞ ለፍለጋ ብቻ በጎን ሊቀመጥ ይገባል። ሶፍትዌሩ ትግርኛ ተናጋሪዎችንም የሚያገለግል ከሆነ ደግሞ ሠንጠረዡ ራሱ ጉዳት ያደርሳል፤ ምክንያቱም በትግርኛ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ በድምፅ የተለያዩ ናቸው። ይህን ሁሉ አስቀድሞ ሊነግራት የሚችለው በዚሁ ሥራ ውስጥ ያለፈ ሰው ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ በሺዎች በሚቆጠሩ አባላት መካከል፣ ስለ ሥራ ማስታወቂያና ስለ ላፕቶፕ ዋጋ በሚጻፉ መልእክቶች ተሸፍኖ፣ ጥያቄዋን ሳያየው ሊያልፍ ይችላል።

ታዲያ ማንኛውም ልዩ ሙያ የራሱ ቡድን ይኑረው ማለት ነውን?

አይደለም። እንደ እኔ አስተያየት ሁለት ነገሮች አብረው ሲገኙ ብቻ ነው የተለየ ቡድን የሚያስፈልገው፤ አጠቃላዩ ቡድን መልስ ሊሰጣቸው ያልቻለ ወይም የተሳሳተ መልስ የሰጠባቸው ጥያቄዎች ተደጋግመው ሲነሡ፣ እንዲሁም እነዚያን ጥያቄዎች የሚመልሱና በቦታው ለመቆየት የወሰኑ ሰዎች ሲኖሩ። የመጀመሪያው ኖሮ ሁለተኛው ከጎደለ፣ አዲሱ ቡድን መልስ ያጡ ጥያቄዎች የሚከማቹበት ይሆናል። ሁለተኛው ኖሮ የመጀመሪያው ከጎደለ ደግሞ ባለሙያዎቹ በሌላ ቦታ ሊጠቅሙ ሲችሉ እርስ በርስ ብቻ ይነጋገራሉ። ሙያው የሚያኮራ ወይም የሚከብድ መሆኑ ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በዩዝኔት (በቀድሞው የኢንተርኔት የውይይት መድረክ) ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኮምፒውተርን በመሳሰሉት ዋና ዋና ዘርፎች ውስጥ አዲስ የውይይት ክፍል ለመክፈት ሐሳቡ በቅድሚያ ለውይይት ይቀርብ፣ ከዚያም ድምፅ ይሰጥበት ነበር፤ የድጋፉ ድምፅ ከተቃውሞው ቢያንስ በ100 መብለጥና ከተሰጠው ድምፅ ሁለት ሦስተኛ መድረስ ነበረበት። ደንቡ ዛሬ ላለው ልማድ ከባድ ይመስላል፤ ዛሬ አንድ ሰው በስልኩ ላይ በደቂቃ ውስጥ ቡድን ይከፍታል። ከድምፁ ይልቅ አስቀድሞ ይደረግ የነበረው ውይይት ግን ዛሬም ሊለመድ የሚገባው ነው፤ ቡድን ሊከፍት ያሰበ ሰው «በዚህ ጉዳይ ማን ይጠይቃል፣ ማንስ ይመልሳል?» ብሎ በነባሩ ቡድን ውስጥ ቢጠይቅ ብዙ ባዶ ቡድኖች ከመከፈት ይቀሩ ነበር።

ስንት አባል ቢኖር ይበቃል?

የአባላት ብዛት መለኪያ አይሆንም። የቴሌግራም ቡድን እስከ 200,000 አባላት መያዝ ይችላል፤ ሆኖም እጅግ ብዙ አባላት ኖረውት ለወራት አንድ ከባድ ጥያቄ ያልተመለሰበት ቡድን ማግኘት አያዳግትም። መታየት ያለበት አንድ ጥያቄ ከቀረበ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሥራ ልምድ የመነጨ መልስ ማግኘቱ ነው። ይህን የሚያደርጉ ጥቂት ሰዎች ካሉ፣ በመቶዎች ከሚቆጠሩ ዝምተኞች ይልቅ ቡድኑን ያቆሙታል።

የትኛው ጥያቄ ወደ ልዩ ቡድኑ፣ የትኛውስ ወደ አጠቃላዩ ይሂድ?

መለያው ይህ ነው፦ ጥያቄው በፊደሉ፣ በአኃዙ፣ በቀኑ ወይም በሰዓቱ ጠባይ ምክንያት የመጣ ከሆነ የልዩ ቡድኑ ነው፤ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ያው ችግር የሚፈጠር ከሆነ ግን የአጠቃላዩ ቡድን ነው። ላይብረሪ አልጫን ያለው፣ ሰርቨሩ የዘጋበት ወይም የይለፍ ቃል አያያዝ የቸገረው ሰው፣ የሚሠራው የአማርኛ መተግበሪያ ስለሆነ ብቻ ወደ ልዩ ቡድኑ መምጣት የለበትም።

የፊደሉ ጠባይ ያመጣቸው ጉዳዮች ቀላል የሚመስሉና የሚያታልሉ ናቸው። በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ሆሄያት በፋይል በሚቀመጡበት የተለመደ ዘዴ) አንድ የግዕዝ ሆሄ 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ በባይት የሚለካ 20 ቦታ የተሰጠው የዳታቤዝ ዓምድ 6 ሆሄ ብቻ ተቀብሎ ረዘም ያለውን ስም ይቆርጣል ወይም ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከገቡት የጉራጊኛ ሆሄያት እያንዳንዱ ደግሞ 4 ባይት ስለሚፈልግ፣ በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ አሮጌው ባለ 3 ባይት አቀማመጥ ውስጥ አይገባም። አጭር የጽሑፍ መልእክት በእንግሊዝኛ 160 ሆሄ ሲይዝ በአማርኛ 70 ብቻ ይይዛል፤ ለገበሬዎች የአየር ሁኔታ መልእክት የሚልክ ድርጅት ይህን ሳያስብ በጀት ከያዘ ወጪው ከሁለት እጥፍ በላይ ሊሆንበት ይችላል። በጃቫስክሪፕት ደግሞ የቃል ሆሄን ለመለየት የሚያገለግለው የተለመደ ምልክት የሚያውቀው የላቲን ሆሄያትን፣ የተለመዱትን አኃዞችና የግርጌ መስመርን ብቻ ስለሆነ፣ በአማርኛ የተጻፈን ስም «ትክክል ያልሆነ ስም» ብሎ ይመልሳል፤ ፓይተን 3 ግን ያንኑ ስም ያለ ችግር ይቀበላል። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ 2017 ሲጻፍ ፳፻፲፯ ይሆናልና ምልክቶቹን አንድ በአንድ በመተካት ቁጥሩ አይገኝም።

ቀንና ሰዓት ለብቻቸው ሊነገርላቸው ይገባል፤ ከሁሉ በላይ ስሕተት የሚበዛው በእነርሱ ላይ ነውና። ብዙ ቅጾች 12 ወር ብቻ ስለሚያውቁ በጳጉሜን የተወለደን ሰው አይመዘግቡም። የዓመት ልዩነቱ 7 የሚሆንበትም 8 የሚሆንበትም ጊዜ ስላለ ቁጥር በመደመር ብቻ መለወጥ አይቻልም። ጳጉሜን በ2015 ዓ.ም. 6 ቀን ስለነበረች የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን የዋለው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን ነው፤ በተለመደው ሴፕቴምበር 11 የተሠራ ስሌት በዚያ ዓመት በአንድ ቀን ይስታል። በሰዓት በኩል ደግሞ ሐኪም ለታካሚው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ሲል ሶፍትዌሩ 9 ሰዓት ብሎ መመዝገብ፣ ለታካሚው በሚላከው መልእክት ላይ ግን 3 ሰዓት ብሎ መጻፍ አለበት። ከሁለቱ አንዱን የረሳ ሥርዓት ሰውን በሌለበት ሰዓት ይቀጥረዋል።

ቡድኑ በአማርኛ ይሁን ወይስ በእንግሊዝኛ?

ውይይቱ በአማርኛ ቢሆን ይመረጣል፤ የስሕተት መልእክቱና ኮዱ ግን ሳይነኩ፣ እንደወጡ ይለጠፉ። የፊደልን ችግር በፊደሉ ሲያስረዱት ይቀላል፤ የላቲን ሆሄ ተጠቅሞ ስለ ሐ እና ኀ ልዩነት የሚጻፍ ጥያቄ ግን ጠያቂው ራሱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ እንኳ አይለይም። በሌላ በኩል የቡድኑ ወሰን መሆን ያለበት ፊደሉ እንጂ አማርኛ አይደለም። ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ያለው የአዊ ሕዝብ አዊኛን፣ የዋግ ሕዝብ ኽምጣንጋን በዚሁ ፊደል ይጽፋሉ፤ ትግርኛና ጉራጊኛም እንዲሁ። ከእነዚህ ቋንቋዎች የመጣ ሰው በእንግሊዝኛ ቢጠይቅ በእንግሊዝኛ ሊመለስለት ይገባል፤ የእርሱ ጥያቄ ለአማርኛ ተብሎ የተጻፈው ኮድ የት ላይ እንደሚሳሳት የሚያሳይ ነውና።

ባሕር ዳር ውስጥ በአካል መገናኘት እየተቻለ በኢንተርኔት መወያየት ምን ይጨምራል?

በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ በፖሊ ወይም በፔዳ አካባቢ ተገናኝቶ አንድ ስክሪን ላይ አብሮ ማየት የብዙ መልእክቶችን ድካም ያስቀራል፤ ሊቀርም አይገባም። ነገር ግን በዚህ ሙያ የተሠማሩት ሰዎች በአንድ ከተማ የተሰበሰቡ አይደሉም። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ መቐለ፣ አሥመራ፣ ከዚያም አልፎ በውጭ አገር ተበትነው ይገኛሉ፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ብቻ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአካል የተሰጠ መልስ ደግሞ ለተገኙት ብቻ ይቀራል፤ ተጽፎ ካልተቀመጠ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ያንኑ ጥያቄ ከመነሻው ይጀምረዋል።

ባሕር ዳር ለቡድኑ የምታዋጣው የራሷ ነገር አላት። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ባሉት ገዳማት፣ በክብራን ገብርኤል፣ በዳጋ እስጢፋኖስ፣ በዑራ ኪዳነ ምሕረትና በሌሎችም፣ በብራና የተጻፉ መጻሕፍት ይገኛሉ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የአማርኛን ጽሑፍ ከምስል የማንበብ ምርምር ለዓመታት ተሠርቶበታል፤ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2019 የቀረበው፣ ኮምፒውተር ማንበብ የሚማርበት ስብስብ 337,337 የመስመር ምስሎችን ይዟል። ከእነዚህ ውስጥ ከእውነተኛ ኅትመት የተወሰዱት 40,929 ሲሆኑ የቀሩት በፎንት ተዘጋጅተው የተፈጠሩ ናቸው። የብራና ጽሑፍ ግን ከኅትመት ይለያል፤ ቃላትን በሁለት ነጥብ ይለያል፣ ቀይና ጥቁር ቀለም ያፈራርቃል፣ የጸሐፊው እጅም ከገጽ ገጽ ይለዋወጣል።

በዚህ ሥራ ላይ ፕሮግራመር ብቻውን ሩቅ አይሄድም። የደበዘዘው ሆሄ የትኛው ነው፣ አጽሕሮቱስ የማን ስም ነው ብሎ የሚለየው በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ነው። ስለዚህ የየኔታ ደቀ መዝሙር የሆነ፣ ኮድ ጽፎ የማያውቅ ነገር ግን ጽሑፉን የሚያነብ ሰው የቡድኑ ሙሉ አባል ሊሆን ይገባዋል፤ ጥያቄም በአክብሮትና እርሱ በሚገባው አነጋገር ሊቀርብለት ያስፈልጋል። አጠቃላይ የፕሮግራመሮች ቡድን እንዲህ ያለውን ሰው ሊይዘው አይችልም፤ ሊቁ በዚያ የሚሠራው የለውምና። ለልዩ ቡድን መኖር ካሉት ምክንያቶች ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ይህ ነው።

የቴሌግራም ቡድን መክፈት ብቻውን ይበቃልን?

ለመነጋገር ይበቃል፤ ለማስቀመጥ ግን አይበቃም። በቴሌግራም የተሰጠ ጥሩ መልስ ከሳምንት በኋላ ወደ ላይ ተገፍቶ ይጠፋል፤ አዲስ አባል ፈልጎ ለማግኘት ቢሞክር እንኳ ጠያቂው «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውን እርሱ «ጸሀይ» ብሎ ሲፈልግ፣ መፍትሔ የምንሻለት ችግር በራሱ በቡድኑ ውስጥ ያጋጥመዋል። በግል ቡድን ውስጥ የተጻፈ ነገር በጎግልም አይገኝም። የድምፅ መልእክትና የኮድ ስክሪንሾት ደግሞ ጨርሶ ሊፈለጉ አይችሉም፤ ኮድ በጽሑፍ እንዲለጠፍ ከመጀመሪያው ቀን ማስለመድ ይገባል።

ስለዚህ የተፈታ ጥያቄ ሁሉ በአጭሩ ተጽፎ እንደ ጊትሃብ (ፕሮግራመሮች ኮድ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ባለ ክፍት ቦታ ቢቀመጥ፣ ከሚሠራ ኮድና ከመሞከሪያ ምሳሌ ጋር ቢሆን ይመረጣል። የዚህ ጽሑፍ ቅጂ በአባላት ኮምፒውተር ላይም ሊኖር ያስፈልጋል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ መረጃው ሁሉ በስልክ መተግበሪያ ውስጥ ብቻ የነበረበት ሰው ምን እንደሚያጣ ታይቷል። በፍላሽ ተቀድቶ ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ የሚችል ማኅደር በእኛ ሁኔታ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

እንደ ማሳካኔ ያሉ ማኅበረሰቦች እያሉ ሌላ መክፈት መደጋገም አይሆንምን?

እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ማሳካኔ በአፍሪካ ቋንቋዎች ላይ የሚሠሩ ሰዎችን ያሰባሰበ ሲሆን፣ በጽሑፍ ውስጥ የሰውና የቦታ ስሞችን ለመለየት በ10 ቋንቋዎች ካዘጋጀው ስብስብ አንዱ በአማርኛ ነው። ትርጉም፣ የቋንቋ ሞዴልና የሥልጠና መረጃ ላይ የሚሠራ ሰው ወደዚያ ቢሄድ ብዙ ያገኛል፤ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ላይ የሚያተኩረው ኢትዮኤንኤልፒም እንዲሁ። እነዚህ ማኅበረሰቦች ግን በአመዛኙ የተመራማሪዎች ናቸው። በከተማችን የሚገኘው አብዛኛው ሰው ችግሩ ሞዴል ማሠልጠን አይደለም፤ የደመወዝ መክፈያ ሰነዱ የጳጉሜንን ቀናት እንዴት ይቁጠር፣ የደረሰኝ ማተሚያው ለምን ከአማርኛ ይልቅ ባዶ ሳጥን ያትማል የሚል ነው። ይህን የሚመለከት የተለየ ቦታ ቢኖር መደጋገም አይሆንም፤ ሁለቱ ግን እርስ በርስ ሊተዋወቁና ጥያቄ ሊላላኩ ይገባል።

ባለሙያዎቹ ወደ ልዩ ቡድን ሲሄዱ አጠቃላዩ ቡድን አይዳከምምን?

ይህ ስጋት እውነተኛ ነው፤ በተለይ የባለሙያው ቁጥር ትንሽ በሆነበት ከተማ። ጥቂቶቹ አዋቂዎች ወደ ጠባብ ቡድን ከገቡ ጀማሪዎች ከጀማሪዎች ጋር ብቻ ይቀራሉ። በዚህ ምክንያት መጀመሪያ መሞከር ያለበት በነባሩ ቡድን ውስጥ የተለየ ንዑስ ርዕስ መክፈት ነው፤ ቴሌግራም ከ2022 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ይህን በአንድ ቡድን ውስጥ ይፈቅዳል። ንዑስ ርዕሱ ሞልቶ የሌሎችን ጥያቄ መሸፈን ሲጀምር፣ ወይም በፊደሉ ላይ የሚሠሩ ነገር ግን ስለ ሌላው ፕሮግራሚንግ የማይሹ ሰዎች ሲበዙ፣ ያን ጊዜ መለየት ተገቢ ነው።

ከተለዩ በኋላም የልዩ ቡድኑ አባላት ከአጠቃላዩ እንዳይወጡ አጥብቄ እመክራለሁ። በአጠቃላዩ ቡድን ውስጥ «አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይታያል» የሚል ተማሪ ሲመጣ፣ «ወደ እነርሱ ሂድ» ብሎ ከመስደድ ይልቅ መልሱን እዚያው ሰጥቶ ተጨማሪ ለማወቅ የት መሄድ እንደሚችል መጠቆም ይሻላል።

ሁሌም የሚመልሱት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቢሆኑና ቢደክሙስ?

ይደክማሉ። ልዩ ቡድኖች ከሚዘጉባቸው ምክንያቶች ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሸክሙን የሚያቀለው መልስ ያገኘ ሰው መልሱን ጽፎ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ነው፤ መልስ ሰጪው አንዴ ይናገር፣ ተጠቃሚው ይጻፈው፣ መልስ ሰጪው ይመልከተው። እንዲህ ሲሆን ያ ጥያቄ ዳግመኛ ሲመጣ ጽሑፉን መጠቆም ብቻ ይበቃል፤ የጻፈውም ሰው በዚያች ጉዳይ መልስ ሰጪ ይሆናል። መምህራን ይህን እንደ ክፍል ሥራ ቢሰጡት ደግሞ የተማሪዎቻቸው ድካም ከፈተናው በኋላም ለሌላ ሰው ይጠቅማል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሁሉ ነገር መልስ እየሰጠ ቡድን ለምን ያስፈልጋል?

በተለመዱ የፕሮግራሚንግ ጥያቄዎች ላይ እነዚህ መሣሪያዎች ብዙ ያግዛሉ፤ መጠቀምም ተገቢ ነው። ነገር ግን የተማሩት ከተጻፈ ነገር ነው። ስለ እኛ ፊደል፣ ስለ ቀናችንና ስለ አሮጌ ፎንቶቻችን የተጻፈው ጥቂት ከሆነ የሚሰጡት መልስ ለሌላ ፊደል ከተጻፈው የተገመተ ሊሆን ይችላል፤ አቀራረቡ ግን እንደ እርግጠኛ ነው። መልሱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ የጳጉሜን 6 ቀንን፣ የሐ እና የኀን ስም፣ የ፼ን (የ10,000ን) አኃዝ ይዞ መሞከር ያስፈልጋል፤ ምን ምን መሞከር እንዳለበት ደግሞ በቡድኑ ውስጥ ካለፉት ጥያቄዎች ይታወቃል። በክፍት ቦታ የምናስቀምጠው ትክክለኛ መልስ ወደፊት እነዚህን መሣሪያዎችም የሚያርም ይሆናል።

ችግሩን ለማሳየት የእውነተኛ ሰዎችን መረጃ መለጠፍ ይቻላልን?

አይቻልም፤ በዚህ ላይ ቸልታ ሊኖር አይገባም። የስም ፍለጋ ችግርን ለማሳየት የታካሚዎችን ዝርዝር፣ የተማሪዎችን ውጤት ወይም የደመወዝ ሰንጠረዥን ስክሪንሾት አንሥቶ መለጠፍ የሰዎቹን ምስጢር አሳልፎ መስጠት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የሕግ ጥያቄም ሆኗል። ከዚህ ቡድን ጠባይ የተነሣ አደጋው ከሌላው ይበልጣል፤ አብዛኛው ጥያቄ በስም ላይ የሚነሣ ነውና።

መፍትሔው ቀላል ነው። «አበበ በሶ በላ» ብሎ መሞከር ለጅምር ይጠቅማል፤ አስቸጋሪዎቹን ሆሄያት አብዛኞቹን ስለማይዝ ግን አይበቃም። ዓለም ፀሐይ፣ ኃይለ ሥላሴ፣ ሠናይት፣ ኅሩይ የሚሉትን የመሰሉ የተለመዱ ስሞች ከምንም ሰው መረጃ ሳይያያዙ በአንድ ፋይል ተሰብስበው ቢቀመጡ ሁሉም ሰው በእነርሱ ይሞክራል። አስተዳዳሪው እውነተኛ መረጃ የያዘ መልእክት ሲያይ ማብራሪያ ሳይጠብቅ ሊያጠፋው፣ ለላከውም ሰው ምክንያቱን በግል ሊያስረዳው ይገባል።

ቡድኑ ተከፍቶ ጥያቄ ቢጠፋበትስ፣ መቼ ይዘጋ?

መዝጋት እንደ ውድቀት ሊቆጠር አይገባም። የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ማኅበረሰብ ልዩ ቡድኖች እያንዳንዳቸው የተጻፈ ዓላማና አስተባባሪ ያላቸው ሲሆን፣ ሥራቸው ያለቀ ወይም የተቀዛቀዘ ቡድኖች በይፋ በጡረታ ይሰናበታሉ። በእኛም ቡድን ሲከፈት ዓላማው በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ይጻፍ፣ አስተባባሪው ይታወቅ፣ በየዓመቱም ለምሳሌ በመስከረም ወር ይቀጥል ወይ ተብሎ ይጠየቅ። ለወራት ጥያቄ ካልመጣ፣ ወይም የሚመጣው ሁሉ በአጠቃላዩ ቡድን ሊመለስ የሚችል ከሆነ፣ የተጻፉት መልሶች በክፍት ቦታ መኖራቸው ይረጋገጥ፣ አባላቱ ወደ አጠቃላዩ ቡድን ንዑስ ርዕስ እንዲዛወሩ ይነገራቸው፣ የመጨረሻው መልእክትም የማኅደሩንና የአዲሱን ቦታ አድራሻ ይዞ ከላይ ተሰክቶ ይቆይ። ቡድኑ ራሱ ግን አይጥፋ፤ የቀድሞዎቹን ውይይቶች ማንበብ የሚፈልግ ሰው ገብቶ እንዲያነብ መጻፍ ብቻ ይከልከል።